ሴራና ስብሰባ፦ የሆሳዕና ነዋሪ ሲጠራና ሲጠየቅ

የአንድ አነስተኛ ከተማ ታሪክ ሲጻፍ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው የሹማምንቱ ታሪክ ነው። ማን ቆረቆራት? ማን ተሾመባት? ማዘጋጃ ቤቱን ማን አሠራው? መንገዱን ማን መርቆ ከፈተው? ከዚያ በኋላ «ሕዝቡም በነቂስ ወጥቶ ደስታውን ገለጠ» ይባልና ምዕራፉ ይዘጋል። ያ በነቂስ ወጣ የተባለው ሕዝብ ምን ሰምቶ ነው የወጣው? በየትኛው ቋንቋ ተነገረው? የተጠራው ሐሳቡን እንዲሰጥ ነው ወይስ እንዲያጨበጭብ? ይህን የሚጠይቅ ጸሐፊ ብዙ አይደለም።

ይህች አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ጥያቄ በሆሳዕና ላይ ታነሣለች። ሆሳዕና ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሐድያ ደጋ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። የመረጥናት ከሌሎቹ ስለምትለይ ሳይሆን ስለምትመስላቸው ነው። የሆሳዕናን ነገር የተረዳ ሰው የዱራሜን፣ የሾኔን፣ የቁሊቶን ነገር ለመረዳት ብዙ አይቸገርም።

አንድ ቃል፣ ሁለት ትርጉም

ነገሩን ከአንድ ቃል እንጀምር። «ሴራ» የሚለውን ቃል አማርኛ ተናጋሪ ሲሰማ ወዲያው የሚታየው በጨለማ የተሰበሰበ ሰው፣ የተንኮል ምክርና የተሸረበ ነገር ነው። በሐድይኛና በከምባትኛ ግን ሴራ ማለት ሕዝብ ተመካክሮ የተስማማበት ሕግና ሥርዓት ነው። ሙት እንዴት እንደሚቀበር፣ ድንበር የገፋ ሰው ምን እንደሚጠየቅ፣ ነፍስ ያጠፋ ሰው ከሟች ወገን ጋር በምን ሥርዓት እንደሚታረቅ የሚወሰነው በሴራ ነው። ሀላባዎችም ሥርዓታቸውን በዚሁ ቃል ይጠሩታል፤ የሶዶ ክስታኔ ጉራጌዎችም የአባቶቻቸውን ሕግ «ጎርደና ሴራ» ይሉታል። እንግዲህ ጎረቤታሞቹ ሕዝቦች ለሕግ የሚጠቀሙበት ቃል፣ ለሕዝብ አስተዳደር በተመረጠው ቋንቋ «ሸር» ማለት ሆኖ ተገኘ! «ዛሬ ለሴራ እንቀመጣለን» የሚል ገበሬና ይህን የሚሰማ የመንግሥት ጸሐፊ ምን ያህል ሊግባቡ እንደሚችሉ አንባቢ ራሱ ይገምተው።

በሴራ አሠራር ሽማግሌዎች ከዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፤ ባለጉዳዩ ይናገራል፣ ሌላው ይመልሳል፣ ነገሩ እስኪበስል ይቆያል። ድምፅ ተቆጥሮ «እነ እገሌ አሸነፉ» አይባልም። ውሳኔውን የሚያስከብር ፖሊስም የለም፤ የሚያስከብረው ጎረቤት ነው። ሴራን የጣሰ ሰው ለቅሶው አይደረስለትም፣ ደቦው ላይ ሰው አይወጣለትም። ብቻውን መኖር የሚችል ሰው ደግሞ በእንሰት አገር የለም፤ እንሰት ተክሎ፣ ነቅሎ፣ ፍቆ፣ ቀብሮ ለማብላት የብዙ ሰው እጅ ያስፈልጋልና።

ይህን ስንል ግን ያለፈውን ሁሉ ማር ወተት አድርገን ለማቅረብ አይደለም። ከዛፉ ሥር የተቀመጠው ወንድ ነው። እንሰቱን የምትፍቀው ሴት ነገሯን በባሏ ወይም በወንድሟ አፍ ካልሆነ አታሰማም ነበር። ሸክላ ሠሪውና ቆዳ ፋቂው ደግሞ እንኳን ከሸንጎው ከማዕዱም የራቀ ነበር። «ሁሉም ይናገር ነበር» ሲባል «ሁሉም» ማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

ከተማ ማለት ሰፈር

ሆሳዕና ቀድሞ ዋቸሞ ትባል ነበር፤ ዛሬ የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ የሚጠራበት ስም ይኸው ነው። የአሁኑን ስሟን ያገኘችው ከሆሳዕና በዓል ሲሆን፣ ያወጡላትም የምኒልክ ሹም የነበሩት ራስ አባተ ቧ ያለው መሆናቸው ይነገራል። በአማርኛ «ከተማ» የሚለው ቃል በጥንቱ አነጋገር የጦር ሰፈር ማለት እንደነበረ አንርሳ። የደቡብ ከተሞች አብዛኞቹ በዚህ በጥንቱ ትርጉም ከተሞች ነበሩ፤ ከኮረብታው ላይ ወታደሩና ዳኛው፣ ከሥር ገባሩ።

በዚህ ዘመን ወሬ ከላይ ወደ ታች የሚወርደው በአዋጅ ነው። ነጋሪት ይጎሰማል፣ አዋጁ በአማርኛ ይነገራል፣ ገበያተኛው የገባውን ያህል ይዞ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከታች ወደ ላይ የሚወጣው አቤቱታ ግን በአስተርጓሚ በኩል ነው። አስተርጓሚ ደግሞ ይከፈለዋል፤ ያልተከፈለው አስተርጓሚ የሚያሳጥረውን ያሳጥራል። ስለዚህ ገባሩ ወደ ሆሳዕና የሚወጣው ሲከሰስ፣ ሲገብርና ሲገበያይ ብቻ ሆነ። ከሦስቱ በነፃነት የሚናገረው በገበያ ነበር። ትክክለኛው የአካባቢ ወሬም፣ ማን ሞተ፣ ማን ታረቀ፣ የማን ከብት ጠፋ የሚለው፣ የሚገኘው ከዚያው ነው።

ንብረት ያለው ይናገር

ከጣሊያን መባረር በኋላ የአስተዳደሩ መልክ ተለወጠ። በ1937 ዓ.ም. የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 74 ወጣ። በአዋጁ መሠረት ከነዋሪዎች የሚመረጡት የማዘጋጃ ቤት ምክር ቤት አባሎች የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤቶች መሆን ነበረባቸው፤ የበላይ ተቆጣጣሪው ደግሞ የአገር ግዛት ሚኒስቴር ነው። በ1948 ዓ.ም. ከተሻሻለው ሕገ መንግሥት በኋላ ለሕግ መምሪያ ምክር ቤት የሚወዳደረውም ሰው ንብረት ያለው እንዲሆን ተደነገገ። እንዲያው በአጭሩ ቦታ የሌለው ድምፅ የለውም ማለት ነው።

ቦታውስ በማን እጅ ነው? በሰፈረው ወታደር ልጆች፣ በሹሙ፣ በነጋዴው እጅ ነዋ! ስለዚህ በሐድያ ምድር ላይ የተሠራች ከተማ በሐድያ ገበሬ ፊት በሩን የዘጋ ምክር ቤት ኖራት። ከሆሳዕና ተነሥቶ የሚተዳደረው አውራጃም ለረጅም ጊዜ የተጠራው በከምባታ ስም ብቻ ነበር፤ «ከምባታና ሐድያ» የተባለው ቆይቶ ነው።

ሕዝቡ ግን መክተቻ በር ሲያጣ ግድግዳውን ዝም ብሎ አላየም። የራሱን ቤት ሠራ። ይኸውም እድር ነው። እድር የተጻፈ ደንብ አለው፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ይመርጣል፤ ሒሳቡ በአባላት ፊት ይነበባል፤ የቀረ ይቀጣል። አባል ለመሆን መሬት አይጠየቅም፤ ወርኃዊ መዋጮውን መክፈልና ለቅሶ መድረስ ይበቃል። ጎሕ ሳይቀድ በየመንደሩ እየዞረ ጡሩንባውን የሚነፋው ለፋፊም የከተማው እውነተኛ ጋዜጣ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም። ስሙን ይጠራል፣ ሰዓቱን ይናገራል፣ ሁሉም ይወጣል። ነጋሪቱና ጡሩንባው ሁለቱም ይጮኻሉ፤ ነገር ግን በነጋሪቱ የወጣ ሰው ሰምቶ ይመለሳል፣ በጡሩንባው የወጣ ሰው ግን ሥራ ይዞ ይገባል።

ከእድር የሰፋም ነገር ተሞክሯል። በ1950ዎቹ የአለም ገና–ወላይታ ሶዶ የመንገድ ሥራ ድርጅት ተቋቋመ፤ ከመሪዎቹ አንዱ ብርጋዴር ጄኔራል ወልደ ሥላሴ በረካ ነበሩ። አለም ገናን ከቡታጅራ፣ ከሆሳዕናና ከወላይታ ሶዶ ጋር የሚያገናኘውን መንገድ ለመሥራት አዲስ አበባ ያለው የአገር ተወላጅና በየቀዬው ያለው ገበሬ ገንዘብ አዋጡ። ዶክተር ፈቃዱ ገዳሙ በ1972 እ.ኤ.አ. ለለንደን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በዚሁ ድርጅት ላይ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ንብረት የለህም ተብሎ ከምክር ቤት የቀረው ሰው መንገድ የሚያህል ነገር ለመሥራት ገንዘብ አላነሰውም፣ ምክርም አልጎደለውም።

የቀበሌ ዘመን

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ። በታኅሣሥ የእድገት በኅብረት ዘመቻ ተጀመረና የኛን የተማሪዎችን ታላላቆች ወደየገጠሩ ወሰደ። በየካቲት የገጠር መሬት አዋጅ፣ በሐምሌ ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ታወጀ። ኪራያቸው ከ100 ብር የማይበልጥ ትርፍ ቤቶች በቀበሌ ሥር ገቡ፤ ነዋሪው በማኅበር ተደራጅቶ መሪዎቹን እንዲመርጥ ተደረገ፤ የቀድሞዎቹ ባለርስቶችም ለመጀመሪያው ጊዜ ከመመረጥ ታገዱ። ሠላሳ ዓመት ብቻ! በ1937 ንብረት የሌለው አይመረጥም ተባለ፤ በ1967 ንብረት የነበረው አይመረጥም ተባለ። በሆሳዕና የሚኖር ተከራይ፣ የጉልበት ሠራተኛ፣ ጠላ ሻጭ ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ «ማንን ትመርጫለሽ?» ተብላ ስትጠየቅ ቀላል ነገር አልነበረም። ይህን የሚክድ ታሪክ ጸሐፊ እውነተኛ አይደለም።

ግን ምን ያደርጋል! በ1969 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 104 ቀበሌው የፍርድ ሸንጎና የጥበቃ ሥልጣኑ ሰፋ፤ ዘመኑም የቀይ ሽብር ዘመን ሆነ። ቤት ኪራይ የሚሰበስበው ማኅበር ሰውንም ይሰበስብ ጀመር። መታወቂያው፣ ስኳሩ፣ የይለፍ ወረቀቱ፣ በኋላም ለብሔራዊ ውትድርና የሚሄደው ወጣት ስም ሁሉ በአንድ ጽሕፈት ቤት ገባ። ስብሰባ መብት መሆኑ ቀርቶ ግዴታ ሆነ። አጀንዳው ከላይ ይመጣል፣ ውሳኔውም አብሮት ይመጣል፣ ከነዋሪው የሚጠበቀው እጅ ማውጣት ነው። «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» የሚለው አባባል የተለመደው ያኔ ነው። በሴራ ከዛፍ ሥርም ውሳኔው በሙሉ ድምፅ ነበር፤ ነገር ግን እዚያ ሙሉ ድምፅ የሚገኘው ተነጋግሮ ተነጋግሮ መጨረሻ ላይ ነው፣ እዚህ ግን ገና ሳይነጋገሩ መጀመሪያ ላይ ነው።

ፊደልና ማስታወቂያ

የዚያ ዘመን ሥራ ሁሉ ግን ከንቱ ነበር ለማለት አይቻልም። በ1971 ዓ.ም. በሐምሌ የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ቋንቋዎቹን ቀስ በቀስ ወደ 15 ሲያደርስ ሐድይኛና ከምባትኛ ከነዚያ ውስጥ ነበሩ። መጻሕፍቱ በግእዝ ፊደል ታተሙ። በማታ ፋኖስ አብርተው ፊደል የቆጠሩ እናቶችና አባቶች የራሳቸውን ቋንቋ በወረቀት ላይ አዩ። ዘመቻው በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ በኩል ዓለም አቀፍ ሽልማት ማግኘቱ የታወቀ ነው።

ከክፍሉ ወጥቶ ወደ ቀበሌው የማስታወቂያ ሰሌዳ ሲሄድ ግን የሚያገኘው አማርኛ ነው። ታዲያ ማንበብ የቻለው ሰው ምን ያንብብ? ትምህርቱ በአንድ ቋንቋ፣ ጉዳዩ በሌላ ቋንቋ ሆነ። ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ደግሞ ሐድይኛና ከምባትኛ በላቲን ፊደል እንዲጻፉ ሲደረግ፣ በግእዝ ፊደል የተማረው ጎልማሳ የልጁን ደብተር ማንበብ አቃተው። የትኛው ፊደል ይሻላል የሚለውን ክርክር ለቋንቋ አዋቂዎች እንተወው። የኛ ጥያቄ ሌላ ነው፦ ፊደሉ ሲመረጥ አንባቢው ተጠይቋል ወይ?

ሕዝብ መልስ ሲሰጥ

«የገጠር ሰው የታዘዘውን ይመርጣል» የሚሉ ሰዎች ወደ 1992 ዓ.ም. ይመለሱ። በዚያ ዓመት በተደረገው አገር አቀፍ ምርጫ ፕሮፌሰር በየነ ጴጥሮስ የመሩት የሐድያ ብሔራዊ ዲሞክራሲያዊ ድርጅት በሐድያ ከገዢው ፓርቲ ጋር ተፎካክሮ መቀመጫዎችን አሸነፈ። ዋጋው ግን ከባድ ነበር። እስራትና ግጭት ተከተለ፣ የሰው ሕይወትም ጠፋ። የኖርዌዩ አጥኚ ሼቲል ትሮንቮል በ2001 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ የሐድያ ምርጫ ባወጡት ጥናት የገበሬዎቹን ቃል መዝግበዋል። መንገድ በመዋጮ የሠራ፣ እድሩን በደንብ የሚያስተዳድር ሕዝብ የምርጫ ካርድ በእጁ ሲገባ ምን እንደሚያደርግበት አልጠፋውም። የጠፋው የሚሰማው ነው።

ስለ ነገው

የሕዝብ ቆጠራው እንደሚያሳየው ሆሳዕና በ1987 ዓ.ም. 31,701 ነዋሪ ነበራት፤ በ1999 ዓ.ም. 69,995 ሆነ። በ12 ዓመት ከእጥፍ በላይ ማለት ነው። ይህን ያህል ሰው ከአንድ ዛፍ ሥር አይቀመጥም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ደግሞ ሆሳዕና የክልል መቀመጫ ሆነች። ቢሮ ይበዛል፣ ስብሰባም ይበዛል፤ አዳራሽ የሚሞላ ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ግን ዛሬም ያው ነው። የቦታ ሊዝ፣ የውኃ መስመር፣ የገበያ ቦታ መነሣት ሲወሰን ነዋሪው ወሬውን የሚሰማው ከውሳኔው በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከተወሰነ በኋላ የሚነገር ወሬ ስሙ ቢለወጥም ያው ነጋሪት ነው።

እኛ ተማሪዎችስ? ስለ ፓሪስ ኮምዩን ስንከራከር እናድራለን፤ ደግ ነው። ነገር ግን በክረምት ወደየቀያችን ስንመለስ የሰፈራችንን እድር መዝገብ የገለጠ ስንቶቻችን ነን? በነዚያ አይጥ በሚበላቸው ደብተሮች ውስጥ ማን ምን ብሎ እንደተናገረ፣ ማን እንደተቃወመ፣ ሒሳቡ እንዴት እንደተወራረደ ተጽፏል። የሴራ ሽማግሌዎችም በየዓመቱ እያለፉ ነው፤ የሚያውቁት ከነሱ ጋር ይቀበራል። ሐድይኛ የሚችል በሐድይኛ፣ ከምባትኛ የሚችል በከምባትኛ ይጠይቃቸውና ይመዝግብ። እናቶችን መጠየቅም አይረሳ፤ እነሱ ከዛፉ ሥር ባይቀመጡም ከዛፉ ሥር የተባለውን ሁሉ ሰምተዋል። ያመጣነውንም በዚህችው መጽሔት እናውጣው፤ የተሳሳትን እንደሆነ የአገሩ ሰው ያርመናል።