ዩኒቨርሲቲን ማን ያቋቁመዋል? ምክር ቤት፣ ዘውድና መሬት

ጓዶች ተሰብስበን ስለ ዩኒቨርሲቲያችን ስንወያይ የምናነሣው ስለ ሰልፉ፣ ስለ እስራቱና ስለ መሥዋዕትነቱ ነው። ዩኒቨርሲቲውን ስለ ወለደው ሕግ ግን እምብዛም አንነጋገርም። ሕጉን ማን አወጣው? በማን ስም? በማን ሀብት? ይህን ጥያቄ ለመመርመር ያነሣሣን የምንኖርበት አገር ነው። ስለዚህ በካሊፎርኒያ እንጀምራለን። (የአሜሪካውን ዘመን በነሱ፣ የኢትዮጵያውን በኛ አቆጣጠር እናስቀምጣለን።)

በሐምሌ 1862 ፕሬዚዳንት ሊንከን የሞሪል አዋጅ የሚባለውን ፈረመ። አዋጁ ለእያንዳንዱ ግዛት፣ በኮንግሬስ ባለው የእንደራሴና የሴናተር ቁጥር፣ በነፍስ ወከፍ 30,000 ኤከር መሬት ይሰጣል። ግዛቱም መሬቱን ሸጦ የእርሻና የእጅ ጥበብ ኮሌጅ ማቋቋም አለበት። የካሊፎርኒያ ድርሻ 150,000 ኤከር ሆነ። ይህ መሬት ባለቤት ያልነበረው ጠፍ መሬት አልነበረም። የአገሩ ተወላጆች ከመንግሥት ጋር በ1851 እና በ1852 አሥራ ስምንት ውል ተፈራርመው ነበር፤ ሴኔቱ አንዱንም ሳያጸድቅ ሰነዶቹን በምስጢር አኖራቸው። ለሕዝብ ልጅ የተከፈተው ትምህርት ቤት ከሌላው ሕዝብ በተነጠቀ መሬት ላይ መመሥረቱን የዩኒቨርሲቲ በዓላት አይናገሩትም።

የግዛቱ ምክር ቤት በ1866 የእርሻ፣ የማዕድንና የመካኒክ ኮሌጅ እንዲቋቋም ወሰነ። ያን ጊዜ በኦክላንድ አንድ የግል ኮሌጅ ነበር፤ መሬትና ሕንፃ እንጂ ገንዘብ አልነበረውም። መንግሥት ደግሞ ገንዘብ እንጂ ኮሌጅ አልነበረውም። ኮሌጁ በ1867 ንብረቱን ለግዛቱ ለማስረከብ ተስማማ፤ ነገር ግን የእርሻ ትምህርት ብቻ ሳይሆን ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ይሁን ሲል ጠየቀ። ጆን ድዊኔል የተባለው እንደራሴ ረቂቁን ለምክር ቤቱ አቀረበ፤ ገዢው ሄንሪ ሄይትም መጋቢት 23 ቀን 1868 ፈረመበት። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ተወለደ። ሕጉ ገቢው ሲፈቅድ ለግዛቱ ነዋሪ ትምህርቱ በነፃ እንዲሆን ይደነግጋል። (በገዢው ሬገን ዘመን፣ በ1970፣ ቦርዱ «የትምህርት ክፍያ» የሚል ስም አውጥቶ ተማሪውን ማስከፈል ጀመረ። ስም ማውጣት የቢሮክራሲ ጥበብ ነው።)

የበለጠ የሚያስተምረን ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። በ1874 ግሬንጅ በሚባለው ማኅበር የተደራጁ ገበሬዎች «መሬቱ የተሰጠው ለእርሻ ትምህርት ነው፤ እናንተ ግን የምታስተምሩት ለጌቶች ልጅ ነው» የሚል ክስ ይዘው ወደ ምክር ቤቱ መጡ፤ ምርመራም ተከፈተ። ፕሬዚዳንቱ ጊልማን በማግሥቱ ዓመት ለቆ ሄደ። ምክር ቤት የሠራውን ምክር ቤት ሊያፈርሰው እንደሚችል ያን ጊዜ ታወቀ። ስለዚህ የ1879 ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ ዩኒቨርሲቲው ከፖለቲካና ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ የሆነ የሕዝብ አደራ ነው የሚል አንቀጽ ገባበት፤ በፆታ ምክንያትም ማንም እንዳይከለከል ተደነገገ። በዚያው ሕገ መንግሥት ውስጥ ግን ማንኛውም ኩባንያ ቻይናዊ ሠራተኛ እንዳይቀጥር የሚያዝ አንቀጽ ነበር! ያንኑ ብዕር ይዘው አንዱን በር ከፈቱ፣ ሌላውን ዘጉ።

ነፃነቱም ቢሆን የቦርዱ እንጂ የመምህሩ አልነበረም። ቦርዱ ራሱ በ1950 ፀረ ኮሙኒስት መሐላ አንፈርምም ያሉ 31 መምህራንን አባረረ። በ1952 የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲመለሱ ወሰነ፤ ሆኖም ለግዛቱ ሠራተኛ ሁሉ የወጣውን ሌላ መሐላ መፈረም ነበረባቸው። የሎስ አንጀለሱ ቅርንጫፍ የተቋቋመው በ1919 በወጣ ሕግ ነው። እዚያም በ1969 አንጄላ ዴቪስን የኮሙኒስት ፓርቲ አባል ነሽ ብሎ ያባረራት ያው ቦርድ ነው።

ብዙዎቻችን ከፌርፋክስ ወደ ዌስትቼስተር ስንወርድ በኮረብታው ላይ የምናየው ሎዮላ ሜሪማውንት ደግሞ የመንግሥት አይደለም፤ ከ1929 ጀምሮ እዚያ የሰፈሩት ጀዝዊቶች ናቸው። ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እንዲመሩ ንጉሠ ነገሥቱ የመረጧቸው ዶክተር ሉሲየን ማት ካናዳዊ ጀዝዊት ነበሩ። በጎንደር ዘመን ጀዝዊቶች ከኢትዮጵያ መባረራቸውን ለሚያስታውስ ሰው ነገሩ ፈገግ ያሰኛል።

የኛ ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው በምክር ቤት ሕግ ሳይሆን በዘውድ ቻርተር ነው። የ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ሕዝብ የሚመርጠው ምክር ቤት አቋቁሞ ነበር፤ ቻርተሩ ግን ከዙፋን የወረደ ስጦታ ነው። ቀኑ የካቲት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው። ይህን ቀን ልብ እንበል። የነመንግሥቱ ንዋይ መፈንቅለ መንግሥት ከከሸፈ ሁለት ወር አልፎታል፤ ያን ጊዜ የኮሌጁ ተማሪ ለድጋፍ ሰልፍ ወጥቶ ነበር። ባለሥልጣኖች የተረሸኑበት የገነተ ልዑል ግቢ ለዩኒቨርሲቲው ተሰጠ፤ ምረቃውም ታኅሣሥ 9 ቀን 1954 ዓ.ም. እዚያው ተከበረ። ስሙ የንጉሡ፣ ግቢው የንጉሡ፣ ቻንስለሩም ራሳቸው ንጉሡ!

ዘውዱ የሰጠውን ዘውዱ ሲፈልግ ይረግጠዋል። ጥላሁን ግዛው ታኅሣሥ 19 ቀን 1962 ዓ.ም. ሲገደል፣ በማግሥቱም ወታደር ግቢው ገብቶ ተማሪ ሲገድል ቻርተሩ ጥይቱን አላቆመም። ዘውዱ ከወደቀም በኋላ፣ በ1985 ዓ.ም.፣ ከአርባ የሚበልጡ መምህራን በአንድ ጊዜ ተባረዋል። ምክር ቤት ስለ ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲ አዋጅ ያወጣው በ2015 ዓ.ም. ነው።

ስለ ዓለማያ ሳንናገር ማለፍ አንችልም። በሞሪል አዋጅ የተወለደው የኦክላሆማ ኮሌጅ በ1952 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ተዋውሎ የእርሻ ኮሌጃችንን አቋቋመ፤ እስከ 1968ም አብሮ ሠራ። ማስተማሪያው፣ ምርምሩ፣ ለገበሬው የሚሰጠው ምክር ሁሉ በዚያው ልክ ተቀዳ። ያልተቀዳው ወንድሙ የሆነው ሕግ ነው። በዚያው በ1862፣ ከሞሪል አዋጅ አንድ ወር ተኩል ያህል ቀድሞ፣ የአሜሪካ ኮንግሬስ መሬቱን ለሚያርስ ሰው 160 ኤከር እንዲሰጠው የሚያዝ አዋጅ አውጥቷል። ኮሌጁ የሚያስተምረው ባለመሬት ገበሬ ይኖረው ዘንድ ነው። ዓለማያ ግን ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ማዳበሪያ የሚመክረው ከምርቱ እኩሌታውን ወይም ሲሶውን ለባለርስት የሚያስረክበውን ጭሰኛ ነበር። እህሉ ቢበዛ የሚበዛው ለማን ነው?

ይህን የጠየቀው ተማሪው ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» እያለ የሄደው ወደ ቤተ መንግሥት ሳይሆን ወደ ፓርላማ ነበር፤ እዚያ የባለርስትና የጭሰኛ ረቂቅ ሕግ ይከራከሩበት ነበርና። ባለርስቶቹ እንደራሴዎች ረቂቁን ዓመት ከዓመት አዘገዩት፤ ዘውዱ እስከ ወደቀበት እስከ 1967 ዓ.ም. መባቻ ድረስ ሳይጸድቅ ቀረ። የገጠር መሬት አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በደርግ ሲታወጅ ፓርላማው ፈርሶ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘግቶ፣ ተማሪው በዘመቻ ወደ ገጠር ተበትኖ ነበር።