የአሮጌ ጀልባ ነገር

የአንድ አሮጌ የእንጨት ጀልባ እድሳት ለእኛ ምናችን ነው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። የባሕር በር የለን፣ የሸራ ጀልባ እሽቅድምድም አናውቅ። ቢሆንም ትንሽ ታገሡኝ።

ጀልባዋ ፋየርፍላይ ትባላለች፤ በሌሊት የሚያበራው ጢንዚዛ ስም ነው። ቁመቷ 12 ጫማ፣ ማለትም 3 ሜትር ከ66 ሳንቲ ሜትር ነው። ንድፏን ያወጣው ኡፋ ፎክስ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ይህ ሰው በ1928 (ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ ነው) አቬንጀር በተባለች ጀልባው 57 ጊዜ ተወዳድሮ 52ቱን አንደኛ ወጥቷል። የቀሩት አምስቱስ? ሁለት ጊዜ ሁለተኛ፣ ሦስት ጊዜ ሦስተኛ! በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ አውሮፕላናቸው ባሕር ላይ ለወደቀባቸው አብራሪዎች ከሰማይ በጃንጥላ የሚጣል የእንጨት ጀልባ ነደፈላቸው።

ፋየርፍላይ የጦርነቱ ልጅ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። እንግሊዞች ሞስኪቶ የተባለውን ፈጣን የጦር አውሮፕላን የሠሩት ከእንጨት ነበር። ቀጫጭን የእንጨት ልጣጭ በኮላ እየደራረቡ ቅርጽ የማስያዝ ሙያ በዚያ ዘመን ረቀቀ። ጦርነቱ ሲያበቃ ታዲያ ያ ሁሉ ሙያ ምን ይሁን? ፌይሪ የተባለው የአውሮፕላን ሠሪ ኩባንያ በ1946 ሃምብል በምትባል የወንዝ ዳር መንደር ፋየርፍላይን መሥራት ጀመረ። ልጣጮቹ በቅርጽ ላይ ይደረደሩና በግፊትና በሙቀት በሚሠራ ትልቅ ምድጃ ውስጥ ይጋገራሉ። ሚስማርና የጎን አጥንት የሌለው፣ አንድ ወጥ የሆነ ቅርፊት ይወጣል። የመጀመሪያዎቹ አራት ጀልባዎች ፊ፣ ፋይ፣ ፎ፣ ፈም ተባሉ፤ በእንግሊዞች የልጆች ተረት ውስጥ ግዙፉ ሰው የሚያጓራው ማጓራት ነው። ቀልድ ይወዳሉ ሰዎቹ።

በ1948ቱ የለንደን ኦሊምፒክ፣ የጀልባው ውድድር በቶርኪ ሲካሄድ፣ ለሁለት ሰው የተሠራችውን ይህችን ጀልባ አንድ ሰው ብቻውን እንዲነዳት ተደረገ። ያሸነፈው ፖል ኤልቭስትሮም የሚባል የ20 ዓመት የዴንማርክ ወጣት ነው። እሱ ከዚያ በኋላ በሌላ ዓይነት ጀልባ በ1952፣ በ1956ና በ1960ም ወርቅ ወሰደ። አራተኛውን ወርቅ ያገኘው ኔፕልስ ባሕር ላይ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮምን ባስደነቀበት በዚያው ኦሊምፒክ ነው። የአበበ ድል በእኛ አቆጣጠር ጳጉሜን 5 ቀን 1952፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነበር። እኛ ሮምን ስናስብ ኔፕልስ ትዝ ብሎን አያውቅም፤ እነሱም እንደዚያው ሳይሆኑ አይቀሩም።

አሁን ወደ እድሳቱ ልመለስ። በሳንቃ የተሠራ ጀልባ ለረጅም ጊዜ ደረቅ ቦታ ከቆየ እንጨቱ ይኮማተራል። ውኃ ላይ ሲወርድ በየስፌቱ ያስገባል፤ እንጨቱ ጠጥቶ እስኪያብጥ ድረስ ቀናት መታገሥ ነው። ፋየርፍላይ ይህ ጣጣ የለባትም። የእሷ በሽታ ሌላ ነው። ቫርኒሹ በተሰነጠቀበት ውኃ ሰርጎ ይገባል፣ እንጨቱ ይጠቁራል፣ ኮላው ይለቅቃል፣ ልጣጩ ከልጣጩ ይለያያል። አዳሹ ሐብሐብ እንደሚገዛ ሰው በጣቱ እያንኳኳ ያዳምጣል። ድምፁ ባዶ ከሆነ እዚያ ጋ ተለያይቷል ማለት ነው።

የሚያሳስበው ይህ ነው፦ አሮጌ ቫርኒሽ መነሣት አለበት። የላይኛው ልጣጭ ግን ስስ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ባሹት ቁጥር ከጀልባዋ ዕድሜ ይቀነሳል። አንድ ቸኩሎ የሚሠራ ሰው ማሽን ይዞ ቢገባበት በአንድ ከሰዓት ኮላው ድረስ ይዘልቃል፤ ከዚያ ወዲያ መመለሻ የለውም። ስለዚህ ጥሩዎቹ አዳሾች በሙቀት አለስልሰው በመፋቂያ ቀስ እያሉ ይልጣሉ። ጥቁሩን ነጠብጣብ ጨርሰው ለማጥፋትም አይሞክሩም። የእኛን አገር አሮጌ ቤት «አሳደስን» ብለው በሲሚንቶ የሚለስኑትን ሳስብ፣ ይህ ነጠብጣብን የመተው ድፍረት ያስቀናኛል።

ጣና ላይ ነገሩ ሌላ ነው። የደንገል ታንኳ ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ ይጣላል፣ ሌላ ይታሰራል። ማንም ታንኳ አያድስም፤ የሚወረሰው እጅ ነው። የፋየርፍላይ ሠሪዎች ግን ምድጃው ቀዝቅዟል። ፋይበር ግላስ መጥቶ ቦታውን ወስዷል፣ እንደ ድሮው የሚጋግራት የለም። ያለችው ያለችው ብቻ ናት።

ታዲያ ሙዚየም ትግባ? እኔ አይመስለኝም። ፋየርፍላይ ዛሬም በእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎች የሚወዳደሩባት ጀልባ ናት። ከነዚያ ከፋይበር ግላሶቹ ጎን የታደሰች የእንጨት ጀልባ ስትሰለፍ መጋጨት፣ መላጥ አለ። ባለቤቷም ያውቀዋል። ለወራት የፋቀውን፣ የቀባውን፣ እንደገና ያሸውን ቅርፊት በጋሪ ገፍቶ ወደ ውኃው ያወርዳል፣ መሪውን ይሰካል፣ ሸራውን ይሰቅላል፤ ከዚያ በፊት ግን ወለሉን በእጁ ዳብሶ ውኃ መግባት አለመግባቱን ያያል።