ባሱ የት ጠፋ? ከበገና እስከ ኦንላይን ልምምድ

እስቲ አንድ ነገር ሞክሩ። ዋልያስ ባንድ በ1977 እ.ኤ.አ. ካወጣው «ቼ በለው» አልበም ውስጥ «ሙዚቃዊ ስልት»ን በስልካችሁ ስፒከር ክፈቱት። ከዚያ ባለ ገመድ ኢርፎን ሰክታችሁ ድገሙት። ቅድም የሌለ ይመስል የነበረ ወፍራም ድምፅ ከሥር ብቅ ይላል። እሱ የመላኬ ገብሬ ባስ ጊታር ነው።

ባስ እንዲህ ነው፤ ሙዚቃውን ተሸክሞ ራሱ በቀላሉ ይጠፋል። ዲላ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ አዲስ አበባ ካለ አስተማሪ ባስ ለመማር ብታስቡ፣ መጀመሪያ የሚገጥማችሁም ይኸው ነው። ችግሩ ግን አዲስ አይደለም። የባስ ታሪክ ራሱ ወፍራም ድምፅን ሳይጠፋ ጆሮ ድረስ የማድረስ ታሪክ ነው።

እንዚራ የሠራችው ሥራ

የባስ ጊታር ወፍራሙ ክር በሰከንድ 41 ጊዜ ገደማ ይርገበገባል። የዚህ ድምፅ አንድ ሞገድ ከ8 ሜትር በላይ ይረዝማል። ጥፍር የምታክል የስልክ ስፒከር ለዚህ የሚበቃ አየር መግፋት አትችልም። ታዲያ ለምን ጨርሶ አይጠፋም? ክሩ ከ41ዱ ጋር 82፣ 123፣ 164 እያሉ የሚቀጥሉ ቀጫጭን ድምፆችም አብሮ ስለሚያወጣ ነው። አእምሯችን እነሱን ሲሰማ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋል።

የበገና ሠሪዎች እዚህ መላ ላይ በጆሯቸው ደርሰውበታል። በገና 10 ክር ያለው፣ ለጸሎት በቤት ውስጥ ለብቻ ሊደረደር የሚችል፣ ድምፁም ዝግ ያለ መሣሪያ ነው። በክሩና ክሩ በሚያርፍበት በርኩማ መካከል ትንሽዬ ቆዳ ትገባለች፤ እንዚራ ትባላለች። ክሩ ሲመታ እሷን እየነካካ እንደ ንብ ይነዝራል። ያ ንዝረት በቀጫጭን ድምፆች የተሞላ ስለሆነ ወፍራሙ ጎልቶ ይሰማል።

ከእንጨት ወደ ማግኔት

በአውሮፓ የነበረው መላ መሣሪያውን ማግዘፍ ነበር። ደብል ባስ ከሰው ቁመት የሚተካከል ቢሆንም በድራምና በትራምፔት መካከል ይዋጥ ነበር። በ1951 እ.ኤ.አ. ሊዮ ፌንደር ካሊፎርኒያ ውስጥ ፕሪሲሽን ባስ የተባለውን ጊታር ለገበያ አቀረበ። የብረቱ ክር ማግኔት ላይ ሲርገበገብ በዙሪያው በተጠመጠመው ቀጭን ሽቦ ውስጥ ደካማ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ አምፕሊፋየሩ ያንን ያጎላዋል። የማጉላት ሥራ ከእንጨቱ ወደ ኤሌክትሪኩ ዞረ ማለት ነው። ይህ መሣሪያ አዲስ አበባም ገባ። በማሕሙድ አሕመድ «እሬ መላ መላ» ሥር የምትሰሙት ባስ የአይቤክስ ባንዱ የጆቫኒ ሪኮ ነው።

ያ ኤሌክትሪክ ደካማ መሆኑን ያዙልኝ፤ ቤት ውስጥ ዕቃ ስትገጣጥሙ ያስፈልጋችኋል። ባሱን በቀጥታ ላፕቶፕ የማይክ ቀዳዳ ውስጥ ብትሰኩት ድምፁ ይደበዝዛል፤ ቀዳዳው ያለችውን ጥቂት ኤሌክትሪክ ይስብባታል። መፍትሔው ኦዲዮ ኢንተርፌስ ነው፤ ብዙዎች ሳውንድ ካርድ ይሉታል። «ኢንስትሩመንት» የሚል ቀዳዳ ያለውን ምረጡ። የእሱ መግቢያ ተቃውሞ 1 ሚሊዮን ኦም ገደማ ስለሆነ ድምፁን አያደበዝዘውም። ጆሯችሁ ላይ ባለ ገመድ ሄድፎን አድርጉ፤ የብሉቱዝ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ በላይ ይዘገያል።

መዘግየት ከየት ይመጣል?

ሙዚቀኞች አብረው ሲጫወቱ ልዩነቱ ከ25 እስከ 30 ሚሊሰከንድ ካለፈ ምቱ መንሸራተት ይጀምራል። ከዲላ አዲስ አበባ ወደ 360 ኪሎ ሜትር ነው። ኦፕቲክ ፋይበሩ መንገዱን ተከትሎ ቢሄድ ብርሃን በ2 ሚሊሰከንድ አካባቢ ይደርሳል። ድምፅ በአየር 10 ሜትር ለመሄድ ግን 29 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል! ስለዚህ ጥፋተኛው ርቀቱ አይደለም። የሚያዘገየው መንገድ ላይ ያለው ወረፋ ነው፦ ኮምፒውተሩ ድምፁን እያጠራቀመ ይልካል፣ ኔትወርኩ ያሰልፈዋል፣ የጥሪው አፕ ደግሞ እንዳይቆራረጥ ይዞ ያቆየዋል። ተደምሮ ብዙ ጊዜ ከ100 ሚሊሰከንድ ያልፋል።

የራሳችሁን ድርሻ መቀነስ ትችላላችሁ። በሰከንድ 48,000 ናሙና በሚወስድ ሲስተም በፈር የሚባለውን ከ1,024 ወደ 128 ብታወርዱት፣ ከ21 ሚሊሰከንድ ወደ 3 ያህል ይወርዳል። ጥሪው ላይ ጫጫታ ማጥፊያውን ዝጉት፤ ረጅም የባስ ድምፅ የፋን ድምፅ እየመሰለው ይቆርጠዋል። ቀሪው መዘግየት ግን በእናንተ እጅ አይደለም። ስለዚህ በጥሪው ላይ ከአስተማሪው ጋር እኩል ለመምታት አትድከሙ።

ከዚያ ይልቅ በካሴት ዘመን ይደረግ የነበረውን አድርጉ። ያኔ ብዙ ሰው አንዷን ቦታ ደጋግሞ እያጠነጠነ ነበር የሚለማመደው። እናንተም አስተማሪው የቀዳውን ድራም አስቀድማችሁ አውርዱ፣ በእሱ ላይ ተጫወቱና ቅዱ፣ ቅጂውን ላኩለት። ጥሪውን ለጥያቄና ለእርማት አቆዩት። እንዲህ ካደረጋችሁ ከዲላ ሳትወጡ ምታችሁ ሳይንሸራተት መማር ትችላላችሁ። ኔትወርክ ቢጠፋ እንኳ ድራሙ ኮምፒውተራችሁ ላይ አለ፤ ልምምዱ አይቆምም።