ከጥቃቱ ማግስት፦ ባልተጣራ መረጃ መምከርን የሚያስተምር የተማሪዎች ውድድር

የሳይበር ደኅንነት ውድድር ሲባል ብዙ ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚያየው ኮምፒውተር ላይ አጎንብሶ ኮድ የሚፈታ ወጣት ነው። መቀመጫውን ዋሽንግተን ያደረገው አትላንቲክ ካውንስል በ2012 (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የጀመረው «ሳይበር 9/12» ግን ሰርቨር የሚጠለፍበት መድረክ አይደለም። ስሙ ከሴፕቴምበር 11ዱ የሽብር ጥቃት ማግስት የተወሰደ ሲሆን፣ ጥያቄውም ያው ነው፤ አገር በከባድ የሳይበር ጥቃት በተመታች ማግስት መንግሥት ምን ያድርግ?

እስከ አራት የሚደርሱ ተማሪዎች በአንድ ቡድን ይሰለፋሉ። አስቀድሞ በሚደርሳቸው ጥራዝ ውስጥ ለውድድሩ የተፈጠሩ የስለላ ማስታወሻዎች፣ የኩባንያ ሪፖርቶች፣ የጋዜጣ ዜናዎችና የማኅበራዊ ሚዲያ ልጥፎች ተደባልቀው ይገኛሉ። አጭር የጽሑፍ ምክረ ሐሳብ ያዘጋጃሉ፤ ከዚያም እንደ ከፍተኛ የመንግሥት ባለሥልጣናት ሆነው በሚቀመጡ ዳኞች ፊት 10 ደቂቃ ያቀርባሉ፣ 10 ደቂቃ ይጠየቃሉ። ለግማሽ ፍጻሜ ያለፈ ቡድን ሌላ ሪፖርት ይሰጠውና ቀን የተሟገተለትን ሐሳብ ሌሊቱን ሲያፈርስ ያድራል። በፍጻሜው ደግሞ የዝግጅቱ ጊዜ በደቂቃዎች የሚቆጠር ነው። ከ2015 ወዲህ ተመሳሳይ ውድድር በጄኔቫም ይካሄዳል።

የዚህ ሁሉ ጥድፊያ ትምህርታዊ ፋይዳ የሚገባን የጥቃትን ባለቤት መለየት በእውኑ ዓለም ምን ያህል አሳሳች እንደሆነ ስናይ ነው። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2018፣ በደቡብ ኮሪያዋ ፒዮንግቻንግ የክረምት ኦሊምፒክ መክፈቻ ምሽት፣ ዋይፋይ ጠፋ፣ የውድድሩ ድረ ገጽ ወደቀ፣ ትኬታቸውን ማተም ያልቻሉ ተመልካቾችም ነበሩ። አደጋውን ያደረሰው ማልዌር «ኦሊምፒክ ዲስትሮየር» ተባለ። ውስጡ ሲፈተሽ የተገኙት ምልክቶች ከሰሜን ኮሪያ ጋር ወደሚያያዘው ላዛረስ የተባለ የጠላፊዎች ቡድን የሚጠቁሙ ነበሩ። በዚያው ምሽት የኪም ጆንግ ኡን እኅት ኪም ዮ ጆንግ የመክፈቻው ሥነ ሥርዓት እንግዳ ነበረች። በማግስቱ «ፒዮንግያንግን እንቅጣ» የሚል አማካሪ ቢገኝ ማስረጃም አያጣ፣ የሚያፈርሰውም ትንሽ ባልሆነ። ከሳምንታት በኋላ የሳይበር ደኅንነት ኩባንያው የካስፐርስኪ ተመራማሪዎች ፋይሉ በየትኞቹ መሣሪያዎች እንደተሠራ የሚመዘግበው የራስጌ ክፍል ሆን ተብሎ እንደተጭበረበረ አሳዩ፤ ራስጌው የሚለውና ኮዱ ራሱ የሚለው አልተገናኙም። የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴር ስድስት የሩሲያ ወታደራዊ ስለላ መኮንኖችን በዚህና በሌሎች ጥቃቶች የከሰሰው በኦክቶበር 2020 ነው።

እንዲህ ያለውን ጉዳይ በ10 ደቂቃ ማስረዳት ያለበት ተማሪ «ማን አደረገው?» ከሚለው ይልቅ «በምን ያህል እርግጠኝነት ነው የምናውቀው?» የሚለውን መለማመዱ አይቀርም። የስለላ ተቋማት ዝቅተኛ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ እያሉ እርግጠኝነትን ደረጃ የሚሰጡት ለወግ አይደለም። በመካከለኛ እርግጠኝነት ላይ ማዕቀብ መጣል አንድ ነገር ነው፤ የተጎዳውን ሆስፒታል ወይም የነዳጅ መስመር ወደ ሥራ መመለስ ሌላ ነው። ሁለተኛው ሥራ የጥቃቱ ባለቤት እስኪታወቅ አይጠብቅም። እኔ በበኩሌ የአንድን ቡድን ብስለት የምለካው እነዚህን ሁለት ሥራዎች ለይቶ በማቅረቡ ነው።

ሆኖም የውድድሩ ቅርጽ ራሱ አንድ አዝማሚያ አለው። ሰዓት ተይዞበት፣ በሙሉ ልብስ ዳኛ ፊት የቆመ ወጣት «ለጊዜው ብንታገሥ ይሻላል» ብሎ ማሸነፍ ይከብደዋል። የድፍረት ሐሳብ ለጆሮ ይጥማል፤ ከዚያም በላይ የተሳሳተ ምክር ዋጋ የሚያስከፍለው ሰው እዚያ አዳራሽ ውስጥ የለም። ዳኞች «ይህን ባናደርግስ?» የሚለውን ጥያቄ የግድ ካላነሡ ልምምዱ አንደበተ ርቱዕነትን ከማስተዋል በላይ ሊሸልም ይችላል።

ለእኛም የእንዲህ ያለው ልምምድ ጥሬ ዕቃ ሩቅ አይደለም። በጁን 2020 የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ በሕዳሴ ግድብ ውሃ ሙሌት ዋዜማ ከግብፅ የተነሡ የጠላፊ ቡድኖችን የጥቃት ሙከራ ማክሸፉን አስታውቆ ነበር። «መነሻቸው ግብፅ የሆነ ቡድኖች» ከማለት ተነሥቶ «የግብፅ መንግሥት» ለማለት ምን ዓይነት ማስረጃ ይበቃል? ከፊሉ መልስ በሰርቨር መዝገብ ውስጥ፣ ከፊሉ ደግሞ በዓለም አቀፍ ሕግ የመንግሥታት ኃላፊነት ድንጋጌዎች ውስጥ ስላለ፣ የኮምፒውተር ሳይንስና የሕግ ተማሪዎች አንድ ጠረጴዛ ላይ ካልተቀመጡ የሚመለስ አይሆንም።