ቀድሞ የነበረው ቫይረስ፣ ዘግይቶ የመጣው አሳማ

በፌብሩዋሪ 2011 ኢትዮጵያ የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት የሚባለው በሽታ በአገሪቱ አሳሞች ላይ መታየቱን እንደምትጠረጥር ለመጀመሪያ ጊዜ ባስታወቀች ጊዜ ጉዳዩ በእንስሳት ጤና መዛግብት እንደ አዲስ ገብ በሽታ ተቆጠረ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። በሽታው ለመዝገቡ አዲስ መሆኑ አያከራክርም፤ ለምሥራቅ አፍሪካ ምድር አዲሱ ግን ቫይረሱ ሳይሆን አሳማው ነው። የዚህን ታሪክ አካሄድ ለመረዳት አሳማ ከሚረባባቸው ከቢሾፍቱና ከአዲስ አበባ ዙሪያ ይልቅ አሳማ ማርባት ልማድ ሆኖ ከማያውቅበት ከቦረናው ከተማ ከሜጋ መነሣት ይሻላል።

ሜጋ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከያቤሎና ከዱብሉቅ በስተደቡብ፣ ከሞያሌ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ስትሆን በዙሪያዋ ያለው ቁጥቋጦ የለበሰ ቆላ የቦረና ከብት ግጦሽ፣ የከርከሮም መዋያ ነው። ከርከሮ የአሳማ ቤተሰብ አባል ሲሆን ቀን ሲግጥ ውሎ ሌሊቱን በጉድጓድ ያሳልፋል፤ ጉድጓዱንም ብዙ ጊዜ ራሱ አይቆፍረውም፣ አዋልድጌሳ ቆፍሮ የተወውን ይይዛል እንጂ። የአሳማ ትኩሳት ቫይረስ ጥንታዊ ኑሮ የተመሠረተው በዚህ ዓይነቱ ጉድጓድ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ የከርከሮ ጉድጓዶች ስንጥቅ ውስጥ ለስላሳ መዥገር የሚባል ዝርያ ይኖራል፤ ይህ መዥገር በከብት ላይ ተጣብቆ ለቀናት ከሚሰነብተው ከተለመደው መዥገር የሚለየው ቆዳው ጠንካራ ጋሻ የሌለው በመሆኑና ደም ለአጭር ጊዜ መጥጦ ወደ ስንጥቁ ስለሚመለስ ነው፤ ያለ ምግብም ለዓመታት መቆየት ይችላል። ቫይረሱ ከመዥገር ወደ መዥገር በመራባት ጊዜ፣ ከእናቲቱም ወደ እንቁላሏ ይተላለፋል፤ በጉድጓዱ የተወለደ የከርከሮ ግልገል በመዥገሩ ሲነከስ ቫይረሱ ለጥቂት ጊዜ በደሙ ውስጥ ይበዛና ሌሎች መዥገሮችን ይበክላል፣ ግልገሉ ግን ብዙውን ጊዜ የሕመም ምልክት ሳያሳይ ያድጋል። ያው ቫይረስ የቤት አሳማ ሲያገኝ በጥቂት ቀናት ውስጥ መንጋውን ይጨርሳል። ከርከሮው የማይታመመው ከቫይረሱ ጋር ረጅም ዘመን አብሮ ስለኖረ ነው፤ አሳማው የሚሞተው ደግሞ ይህ ትውውቅ ስለሌለው ነው።

አሳማ ወደዚህ አካባቢ ያልደረሰበት ምክንያት ከሃይማኖትና ከልማድ የመነጨ ነው። እስልምና የአሳማ ሥጋን ይከለክላል፤ በቦረናም ዘንድ ሥጋው ለምግብ አይቀርብም፤ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናንም አይበሉትም። ዐፄ ገላውዴዎስ በ1555 ሃይማኖታቸውን ሲያብራሩ ሥጋውን መተው እንደ አይሁድ የኦሪትን ሕግ ከመጠበቅ የመጣ እንዳልሆነ፣ የሚበላውን እንደማይነቅፉ፣ የማይበላውንም እንደማያስገድዱ መግለጻቸው ይታወቃል፤ የንጉሡ ማብራሪያ ለስላሳ ቢሆንም ልማዱ አልላላም። ስለዚህ አሳማ ማርባት በሃያኛው ክፍለ ዘመን የውጭ አገር ነዋሪዎችን፣ ሆቴሎችንና ካምፖችን ተከትሎ በከተሞች ዙሪያ ብቻ የተተከለ ሥራ ሆኖ ቆየ፤ የአሳሞቹም ቁጥር የከብቱ ብዛት በአሥር ሚሊዮኖች በሚነገርበት አገር በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ነበር።

ከድንበሩ ማዶ ታሪኩ ሌላ መልክ ያዘ። በብሪታንያ ይዞታ ሥር በነበረችው ኬንያ ነጭ ሰፋሪዎች የአውሮፓ አሳሞችን አስገብተው ከርከሮ በሚዘዋወርበት መሬት ላይ ማርባት ጀመሩ፤ ከ1909 አካባቢ ጀምሮም አሳሞቹ ባልታወቀ ትኩሳት ማለቅ ያዙ። የእንስሳት ሐኪሙ ሮበርት ዩስታስ ሞንትጎመሪ በሽታውን ለዓመታት አጥንቶ በ1921 ባሳተመው ጽሑፍ ከታመሙት መንጋዎች የተረፉት እጅግ ጥቂቶች እንደነበሩ አሳየ፤ ከአውሮፓው የአሳማ ትኩሳት የተለየ መሆኑንና ከርከሮ ሳይታመም ቫይረሱን ሊሸከም እንደሚችልም አመለከተ። ሞንትጎመሪ በዚህ ሥራ ላይ በነበረበት አሥር ዓመት ውስጥ ብሪታንያ በሜጋ ቆንስላዋን ከፍታ ነበር፤ ቆንስሉ አርኖልድ ሆድሰንም የዝሆን አዳኞችን፣ የጦር መሣሪያ ንግድንና የድንበር ግጭትን ይከታተል ነበር። የኬንያ አስተዳደር ከሰሜኑ ድንበር ወደ ሰፋሪዎች መሬት የሚነዱ ከብቶችን በኳራንቲን፣ ማለትም በሽታ እንዳይዛመት እንስሳትን አግዶ በማቆየት፣ ሲገድብ ያስጨነቀው የከብት በሽታ ነበር። ከርከሮ ግን ኳራንቲን አያውቅም።

የከብቱ ፍርሃት ምክንያት ነበረው። ደስታ የሚባለው የከብት በሽታ በ1880ዎቹ መጨረሻ ለጣሊያን ጦር ከመጡ ከብቶች ጋር በምጽዋ በኩል ገብቶ ኢትዮጵያውያን «ክፉ ቀን» ብለው ለሚያስታውሱት ረኃብ ሲዳርግ የቦረናም መንጋ ከዕልቂቱ አላመለጠም፤ ጎሽና ከርከሮም አብረው አለቁ። በዚህ ረገድ ከርከሮ ሁለት ታሪክ አለው፤ ከውጭ የገባው የከብት ቫይረስ ሲገድለው፣ የራሱ ምድር ቫይረስ ግን ምንም አላደረገውም። የሁለቱ በሽታዎች ታሪክ በአንድ ሰው ሥራ ላይም ይገናኛል። በኬንያ ሙጉጋ ይሠራ የነበረው ዋልተር ፕላውራይት በ1960 አካባቢ የደስታን ክትባት ያዘጋጀ ሳይንቲስት ሲሆን፣ በ1969 ደግሞ ከባልደረቦቹ ጋር በታንዛኒያ ከከርከሮ ጉድጓድ መዥገሮች የአሳማ ትኩሳትን ቫይረስ ለይቶ አወጣ። ክትባቱ ደስታን በ2011 ከዓለም ለማጥፋት አስችሏል፤ ለአሳማው በሽታ ግን ኢትዮጵያ ዛሬም የምትጠቀምበት ክትባት የላትም።

የዘረመል ምርመራ ለታሪክ የሚሰጠውን ምስክርነትም ቀደም ብሎ ያሳየው ደስታ ነበር። በ1994 በኬንያ ጻቮ ጎሾችና አጋዘኖች ሲሞቱ የተገኘው ቫይረስ ዘረመሉ ሲነበብ ለ30 ዓመታት ያህል ጠፍቷል ተብሎ የታመነው የአፍሪካ ሁለተኛው የደስታ ሐረግ ሆኖ ተገኘ፤ ይህ ሐረግ በሶማሊያ፣ በሰሜን ምሥራቅ ኬንያና በደቡብ ኢትዮጵያ ወሰን ቆላ ከብቱን በቀላሉ ብቻ እያመመ ተደብቆ ኖሮ ነበር። የበሽታ አለመታየት የቫይረሱን አለመኖር እንደማያረጋግጥ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማቅረብ ያስቸግራል።

በ2011 የታየው የአሳማ ትኩሳትም በዚሁ መንገድ ተመረመረ። የቫይረሱ ዘረመል ከ170 ሺህ እስከ 190 ሺህ በሚደርሱ የዲኤንኤ ፊደላት የተጻፈ ሲሆን፣ ተመራማሪዎች ዝምድናን ለመለየት የሚያነቡት ፒ72 የሚባለውን የቫይረሱን ሽፋን ዋና ፕሮቲን የሚሠራውን ዘረመል አንድ ክፍል ነው፤ በዚህ ክፍል የሚመሳሰሉት በአንድ ዓይነት ይመደባሉ። ከ2011 እስከ 2014 ከኢትዮጵያ አሳሞች የተወሰዱ 23 የአካል ናሙናዎች ተነብበው ውጤቱ በ2017 ሲታተም፣ ቫይረሱ በወቅቱ ከታወቁት 22 ዓይነቶች ከአንዱም ጋር ባለመግጠሙ 23ኛው ዓይነት ተባለ። የቅርብ ዘመዶቹም በምሥራቅ አፍሪካ አገሮችና በኮንጎ ሪፐብሊክ የሚዘዋወሩት 9ኛውና 10ኛው ዓይነቶች ሆኑ፤ 10ኛው በኬንያና በታንዛኒያ ከከርከሮና ከመዥገርም የተገኘ ነው።

የዚህ ዝምድና ትርጉም ጉልህ ነው። በ1957 ወደ ሊዝበን የተሻገረው 1ኛው ዓይነት ነበር፤ በ2007 በጆርጂያ የፖቲ ወደብ በኩል ገብቶ የአውሮፓን የዱር አሳማ ጭምር የበከለውና በ2018 ቻይና ደርሶ የአገሪቱን የአሳማ ሀብት ያንኮታኮተው ደግሞ ከደቡብ ምሥራቅ አፍሪካ የወጣው 2ኛው ዓይነት ነው። የኢትዮጵያው ቫይረስ ከእነዚህ ወገን ቢሆን ኖሮ በአውሮፕላን ወይም በመርከብ የምግብ ትራፊ ገባ ማለት ይቻል ነበር። ከጎረቤቶቹ ጋር የጋራ አያት እያለው የተለየ ሆኖ መገኘቱ ግን ከእነርሱ ተነጥሎ ለረጅም ጊዜ መኖሩን ይጠቁማል፤ በሃያኛው ክፍለ ዘመን የተተከለው የከተማ አሳማ እርባታ ብቻውን ለዚህ ልዩነት የሚበቃ ዕድሜ አለው ማለት ደግሞ አያሳምንም። ስለዚህ መነሻውን የውጭ ጭነት ከማድረግ በዚሁ ቀጠና የዱር ኑሮ ውስጥ መፈለግ ይበልጥ ያስኬዳል።

የፍለጋው መሣሪያ በአገር ውስጥ አለ። በሰበታና በቢሾፍቱ ያሉት የእንስሳት ጤና ተቋማት ቤተ ሙከራዎች ናሙና ተቀብለው መመርመር ይችላሉ፤ ያቤሎም የዱር እንስሳት መጠለያ ያላት ናት። አሳማ አርቢዎች ከሐዋሳ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ወደ ደቡብ ከመውረዳቸው በፊት ከያቤሎ እስከ ሜጋ ባሉት የከርከሮ ጉድጓዶች ያለው መዥገር ተሰብስቦ ዘረመሉ ሊነበብ ይገባል።