የሬዚደንት ሐኪሞች የጥራት ተሳትፎ ምን ማለት ነው?

ሬዚደንት የሚባለው ጠቅላላ ሐኪም ከሆነ በኋላ በቀዶ ሕክምና፣ በማህፀንና ጽንስ ወይም በሌላ ዘርፍ ስፔሻሊስት ለመሆን ለዓመታት የሚሠለጥን ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 ባልቲሞር ውስጥ የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሲከፈት፣ በዊልያም ኦስለር ሥር የሚሠለጥኑት ሐኪሞች የሚያድሩት እዚያው ሆስፒታሉ ውስጥ ነበር፤ መጠሪያው የዚያ አኗኗር ቅሪት ነው። «ነዋሪ ሐኪም» ብንለው የቀበሌ መታወቂያ ያወጣ ሐኪም ይመስላል። ስለዚህ በዋርድ (በታካሚዎች መኝታ ክፍል) የሚሠሩ ሰዎች እንደሚጠሩት ሬዚደንት እንበለው።

«ጥራት» በሚለው ስር ግን ሁለት ሥራዎች አሉ። ጥራት ማረጋገጥ ሥራው የወጣለትን መለኪያ ማሟላቱን መፈተሽ ነው፤ ለምሳሌ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው ባለ 19 ነጥብ የቀዶ ሕክምና ደኅንነት ቅጽ ተሞልቷል ወይስ አልተሞላም? ጥራት ማሻሻል ደግሞ ቅጹ የማይሞላው ለምን እንደሆነ ይጠይቃል፣ አንድ ነገር ቀይሮ ይሞክራል፣ ውጤቱን ለክቶ ያጸናዋል ወይም ይተወዋል። የመጀመሪያውን ተቆጣጣሪም ይሠራዋል። ሁለተኛው ያለ ዋርዱ ሰው አይሆንም።

አንዲት ወላድ ደጋ ላይ ካለው የገረሴ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ሪፈር ተጽፎላት ደጋውን ወርዳ አርባ ምንጭ፣ ወይም ከዚያ አልፋ ማስተማሪያ ሆስፒታል ደረሰች እንበል። ሌሊት የሚቀበላት ተረኛው (ዱቲ ላይ ያለው) ሐኪም ነው፤ ማስተማሪያ ሆስፒታል ከሆነ ሬዚደንቱ። የሪፈር ወረቀቱ ላይ የተሰጣት መድኃኒት አለመጻፉን፣ ደም ለማግኘት ስንት በር እንደሚንኳኳ፣ የላብራቶሪ ውጤት የት እንደሚዘገይ የሚያውቀው እሱ ነው። ጠዋት በሐኪሞቹ ስብሰባ (ሞርኒንግ) ላይ ስለ ታካሚዋ ይጠየቃል፤ ስላለፈችበት መንገድ ግን የሚጠይቀው የለም። የሆስፒታሉ የጥራት ኮሚቴ ከሰዓት የሚሰበሰበው ከኃላፊዎች ጋር ነው።

መዋቅሩ አገራችን ውስጥ አለ። የሆስፒታሎች የጥራት ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2012 ተመሠረተ፤ ጤና ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ2016 እስከ 2020 የሚዘልቅ አገር አቀፍ የጥራት ስትራቴጂ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጀመረው የእናቶች ሞት ቅኝትም ዓላማው ጥፋተኛ ፍለጋ ሳይሆን የጎደለውን ማወቅ ነው። የሚቀረው መዋቅሩ ውስጥ ማን ይቀመጥ የሚለው ነው። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ የሬዚደንት ሥልጠናን የሚመዝነው አካል በጥራት ማሻሻያ ሥራ መሳተፍን ግዴታ አድርጎታል።

ተሳትፎ ሲባል ታዲያ ሬዚደንቱን ቻርት እያገላበጠ ቁጥር እንዲለቅም ማዘዝ አይደለም፤ ይህ ጉልበት መበዝበዝ ነው። ተሳትፎ የሚሆነው ኮሚቴው ውስጥ ድምፅ ሲኖረው፣ ከዱቲ ውጭ የተለየ ሰዓት ሲሰጠው፣ ሥራውም በሥልጠናው ሲቆጠርለት ነው። ሬዚደንት ከዋርድ ወደ ዋርድ ስለሚዞር ጀምሮ ጥሎት ይሄዳል የሚል ተቃውሞ አለ፤ እውነትም ነው። መፍትሔው ሥራውን እዚያው ከምትቆይ ነርስ ወይም አዋላጅ ጋር አብሮ መጀመር ነው።

ሬዚደንት የሚሠለጥነው በማስተማሪያ ሆስፒታሎች ነው። እንደ ገረሴ ባለ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የሬዚደንቱን ቦታ የሚይዙት ጠቅላላ ሐኪሙ፣ አዋላጇና የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያው ናቸው። የጥራት ኮሚቴ የምትመሩ ሆይ፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ ሌሊቱን ዱቲ ያደረውን ሐኪም ጥሩት፤ ሪፈር ለጻፈው ሆስፒታልም ታካሚዋ ምን እንደሆነች ጽፋችሁ መልሱለት።