ኮራልን ያኖረው ብርሃን፦ የቤት ውስጥ የሪፍ አኳሪየም ታሪክ

የሪፍ አኳሪየም በሞቃት ባሕሮች ዳርቻ የሚገኘውን የኮራል ሕይወት በጨው ውሃ በተሞላ የመስታወት ገንዳ ውስጥ ለማኖር የሚዘጋጅ መኖሪያ ነው። የባሕር እንስሳትን በመስታወት ውስጥ የማኖር ልማድ ከመቶ ሰማንያ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ቢሆንም፣ የሞቃት ባሕር ኮራልን በቤት ውስጥ ማኖር ብቻ ሳይሆን ማሳደግም የተቻለው በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ ነው። ለዚህ መዘግየት ዋናው ምክንያት የመስታወት ወይም የጨው እጥረት ሳይሆን፣ ኮራል ምን ያህል ብርሃን እንደሚፈልግ ለረጅም ጊዜ ሳይታወቅ መቆየቱ ነው።

ፈረንሳዊቷ ተመራማሪ ዣን ቪልፕሩ-ፓወር እ.ኤ.አ. በ1832 በሲሲሊ ደሴት፣ በመሲና ከተማ፣ አርጎናውት የተባለውን የኦክቶፐስ ዘመድ በሕይወቱ እያለ ለመመርመር የመስታወት ገንዳ አሠርታ ነበር። እንግሊዛዊቷ አና ቲን ደግሞ በ1846 ቶርኪ ከተባለው የባሕር ዳርቻ ኮራሎችን ወደ ለንደን ወስዳ፣ ውሃው አየር እንዲያገኝ በክፍት መስኮት አጠገብ ከዕቃ ወደ ዕቃ በየዕለቱ እንዲገለበጥ በማድረግ፣ ቆይታም የባሕር አረም በመጨመር፣ በሕይወት ልታቆያቸው ችላለች። ይህ ሥራ ከፍ ያለ ክብር ይገባዋል፤ ሆኖም የእንግሊዝ ቀዝቃዛ ባሕር ድንጋያማ ኮራሎች ምግባቸውን እያጠመዱ የሚኖሩ እንጂ በብርሃን የሚመገቡ ባለመሆናቸው፣ የአና ቲን ስኬት የብርሃንን ጥያቄ ሳያነሣ አለፈ። ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ በ1854 ባሳተመው መጽሐፍ አማካይነት አኳሪየም በእንግሊዝ ቤቶች ፋሽን ሲሆንም የሞቃት ባሕር ኮራል ከዚህ ዓለም ውጭ እንደነበረ ቀረ።

የጥያቄው መልስ የተገኘው በቤተ ሙከራ ውስጥ ነበር። በ1881 ካርል ብራንት የተባለው ጀርመናዊ በባሕር እንስሳት ሥጋ ውስጥ ለሚኖሩ ቢጫማ ቡናማ ጥቃቅን አልጌዎች ዙዛንቴላ የሚል ስም አወጣላቸው። እነዚህ አልጌዎች ለኮራሉ ምን እንደሚጠቅሙት ግን ለአሥርት ዓመታት አከራከረ። በ1928 እና በ1929 በአውስትራሊያ ታላቁ ባሪየር ሪፍ የተካሄደውን ምርምር የመራው ሞሪስ ዮንግ፣ ኮራል እንስሳ በል እንደሆነና ከአልጌው ምግብ እንደማያገኝ ያምን ነበር። በ1958 ግን ሙስካቲንና ሃንድ የተባሉ ተመራማሪዎች ጨረር አመንጪ ካርቦንን በመከታተል፣ የኮራል የቅርብ ዘመድ በሆነው የባሕር አኒሞን ውስጥ፣ አልጌው በፎቶሲንተሲስ፣ ማለትም በብርሃን ኃይል፣ የሠራው ምግብ ወደ እንስሳው ሥጋ እንደሚያልፍ አረጋገጡ። ከዚያ በኋላ እንዲህ ያለ አልጌ የያዘ ኮራልን ያለ በቂ ብርሃን ማኖር ማለት በረኀብ መግደል ማለት እንደሆነ ግልጽ ሆነ።

በገንዳ ሥራ ትልቁን እርምጃ የወሰደው ግን የጃካርታው ሊ ቺን ኤንግ ነው። በ1961 በአንድ የአሜሪካ የዓሣ አርቢዎች መጽሔት ላይ ባሳተመው ጽሑፍ ያስተዋወቀው ዘዴ ሕያው ድንጋይን፣ የሚንቆረቆር አየርንና የፀሐይ ብርሃንን ብቻ ይጠይቅ ነበር። ሕያው ድንጋይ የሚባለው ከሪፍ የተወሰደ፣ ቀዳዳው በባክቴሪያና በጥቃቅን ፍጥረታት የተሞላ ድንጋይ ነው፤ በላዩ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች መርዛማውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት ሲለውጡ፣ ኦክስጅን በማይደርስበት ውስጠኛው ክፍል ያሉት ደግሞ ናይትሬቱን ወደ ናይትሮጅን ጋዝ ይመልሱታል። ለምድር ወገብ ቅርብ በሆነችው ጃካርታ ባሕሩም ፀሐዩም በእጅ ያሉ ሲሆኑ፣ በሰሜኑ ዓለም ግን ድንጋዩ በረጅም ጉዞ ይበሰብስ፣ የክረምቱም ፀሐይ ከኮራል ፍላጎት በታች ይሆን ነበር። ዘዴው ለሃያ ዓመታት ያህል ችላ መባሉ የሚያሳዝን ነው፤ ዛሬ የሚሠራበት መሠረታዊ ሐሳብ ሁሉ በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ነበርና።

ያንን ሐሳብ ወደ ሰሜኑ ያሻገረው የጀርመን አርቢዎች ጥረት ነው። ፒተር ዊልከንስ በኖራ ውሃ የካልሲየምን እጥረት የመሙላትን ዘዴ ሲያስተዋውቅ፣ በርሊን ውስጥ ዲትሪሽ ስቱበርና ባልደረቦቹ ሕያው ድንጋይን፣ ቆሻሻን በአረፋ ለይቶ የሚያወጣውን ስኪመርን እና ሜታል ሀላይድ የተባለውን ብርቱ መብራት አንድ ላይ አጣመሩ፤ ይህም የበርሊን ዘዴ ተባለ። ቀደም ሲል የተለመዱት ጥቂት የፍሎረሰንት ዘንጎች አክሮፖራን ለመሰለ ፈጣን አዳጊ ኮራል አይበቁም ነበር፤ በአዲሱ መብራት ሥር ግን የስቱበር አክሮፖራ አድጎ ቅንጣቢዎቹ ከአርቢ ወደ አርቢ በመላው አውሮፓ ተሠራጩ።

የሰማያዊ ብርሃን ጉዳይም በዚሁ ዘመን ታወቀ። ቀዩ ብርሃን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች በውሃ ሲዋጥ ሰማያዊው ወደ ጥልቁ ስለሚዘልቅ፣ አልጌዎቹ ለሰማያዊው የተሰናዱ ናቸው። በ1993 ሹጂ ናካሙራ ብሩህ ሰማያዊ ኤልኢዲ ካቀረበ በኋላ፣ ሙቀቱ አነስተኛ የሆነና መጠኑ የሚስተካከል መብራት ለትንሽ ገንዳም ሊሠራ ቻለ። ቀድሞ ትንሽ ገንዳ ይፈራ የነበረው ውሃው ቶሎ ስለሚሞቅና ስለሚተን፣ በመትነኑም ጨዋማነቱ ስለሚጨምር ነበር፤ ይህ ዛሬም እውነት በመሆኑ አርቢው የተነነውን በየዕለቱ በንጹሕ ውሃ መተካት፣ ጨዋማነቱን በሺህ ግራም ውሃ 35 ግራም፣ ሙቀቱን በ25 እና በ26 ዲግሪ ሴልሲየስ መካከል መጠበቅ ይኖርበታል።

በመብራት ምርጫ ዛሬም የሚያሳስተው፣ የብርሃኑ ቀለም በኬልቪን ተጽፎ ሲታይ የብርታቱ መለኪያ መምሰሉ ነው። ትክክለኛው መለኪያ አልጌ የሚጠቀምበት፣ ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን መጠን ሲሆን፣ ለስላሳ ኮራሎች በካሬ ሜትር በሰከንድ ከ50 እስከ 150 ማይክሮሞል ሲበቃቸው አክሮፖራ ከ200 በላይ ይፈልጋል። አዲስ መብራት በመጀመሪያ ዝቅ ተደርጎ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ከፍ ሊል ይገባል፤ ድንገተኛ ብርታት ኮራሉን አልጌውን እንዲያጣና እንዲነጣ ያደርገዋልና።

ስለዚህ ጀማሪ አርቢ አስቀድሞ ሊያኖር የሚፈልገውን ኮራል ይወስን፣ ከዚያም መብራቱን ይምረጥ። ድንጋያማ ኮራሎች በዓለም አቀፉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድ ስምምነት ሁለተኛ ዝርዝር ውስጥ ስለሚገኙ፣ ሻጩን ኮራሉ ከባሕር የተነቀለ ነው ወይስ በገንዳ ውስጥ ከቅንጣቢ ያደገ ብሎ ይጠይቅ፤ ሁለተኛውንም ይግዛ።